«ጥሩ ነው» አይበቃም፦ በዓመቱ ስላነበብናቸው መጻሕፍት ጥያቄና መልስ

ጳጉሜን ሲገባ መጽሐፍ ወዳጆች የሚጠያየቁት አንድ ነገር አለ፤ «ዘንድሮ ካነበብከው የቱን ወደድክ?» መልሱ ብዙ ጊዜ ርእሱና «ጥሩ ነው፣ አንብበው» ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ምክር ሰምቶ መጽሐፉን የገዛ ሰው ገጽ ሠላሳ ላይ ያቆማል፣ ከዚያም መካሪውን ይታዘባል። እዚህ ግን መጽሐፉ ለማን እንደሚሆን፣ የት ላይ እንደሚከብድ፣ ከምን ቀጥሎ እንደሚነበብና እንዴት እንደሚገኝ እንነጋገር። መነሻ እንዲሆን የእኔ አምስት እነዚህ ናቸው፦ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962)፣ የፀጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» (1966)፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975)፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» (1985)፣ የአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» (1997)። ዓመታቱ፣ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። እንግዲህ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጋሼ፣ አምስቱም የቆዩ ናቸው። ዘንድሮ የታተመ አንድም አላነበቡም?

መልስ፦ አንብቤያለሁ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ለማስገባት ግን ገና ነው። በምረቃ ሰሞን ስለ መጽሐፍ የሚባለው በአብዛኛው ከደራሲው ወዳጆች አፍ የሚወጣ ነው፤ የጀርባ ሽፋኑ አስተያየትም ያው ነው። ለአዲስ መጽሐፍ አንድ ፈተና አለ። አንብበህ በጨረስክ በሦስተኛው ወር፣ መጽሐፉን ሳትገልጥ፣ የሦስት ገጸ ባሕርያት ስምና አንድ ትዕይንት ወረቀት ላይ ጻፍ። ካቃተህ መጽሐፉ ሰሞነኛ ነበር። ይህ ለልቦለድ ነው። ለግጥም መድበል አንድ ሙሉ ግጥም ከነርእሱ ትዝ ካለህ ይበቃል።

ሌላም ወጥመድ አለ። በጳጉሜን የሚወጣ ዝርዝር በሐምሌና በነሐሴ የተነበበውን ያበዛል፤ የጥቅምቱ ተረስቷልና። ስለዚህ ዝርዝርህን ከመስከረም ጀምረህ ወር በወር አውጣው። ወር በወር የሚወጣው ከመዝገብ ነው፣ ስለ መዝገቡ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ «አደፍርስ»ን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ገጽ 40 አካባቢ ተውኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው የመጽሐፉ?

መልስ፦ አነባበቡ ነው። ዳኛቸው ተራኪውን ወደ ኋላ ያስቀረዋል፤ «እገሌ ይህን ያለው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ የሚያስረዳህ ሰው የለም። ንግግር ይመጣል፣ ትዕይንቱ ይቆረጣል፣ ወዲያው ሌላ ቦታ ሌሎች ሰዎች ሲነጋገሩ ትሰማለህ። ታሪኩን እየተከተለ ሊያነብ የተቀመጠ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም «ቀጥሎ ምን ሆነ» ከሚለው ይልቅ «ማን ለማን እየመለሰ ነው» የሚለው ይበልጣል።

አራተኛውን ሙከራ ከመጀመሪያው መስመር አትጀምር። አርባውን ገጽ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በጥድፊያ እለፍና የሰዎቹን ስም ብቻ አውጣ፦ አደፍርስ፣ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ጺወኔ፣ ሮማን፣ ክብረት፣ አባ አዲሴ፣ አቶ ጥሶ። በእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት ነገር ጻፍ፤ ከማን ጋር ይኖራል፣ ምን ይፈልጋል። ወረቀቱን እንደ ዕልባት መጽሐፉ ውስጥ አኑረው። ከገጽ 41 ጀምሮ ንግግሩን ድምፅህን አውጥተህ አንብብ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ በዓይን ብቻ ሲነበብ የሰዎቹ ምፀት ሳይሰማ ያልፋል፣ በአፍ ሲነበብ ግን አረፍተ ነገሩ ራሱ የት ላይ እንደሚጠብቅ ይነግርሃል። ባዕድ ቃል ሲያጋጥምህ በእርሳስ አስምርበትና እለፍ፤ በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ክሩ ይበጠስበታል። በአንድ መቀመጫ ቢያንስ 25 ገጽ፤ በቀን አምስት አምስት ገጽ ለዚህ መጽሐፍ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። አደፍርስን የደራሲው አፍ አድርገህ አትውሰደው። ብዙ ይናገራል፣ ጥቂት ይሰማል። ዳኛቸው ሁለቱንም ወገን በእኩል እያየ ነው የጻፈው፤ ይህን የያዘ አንባቢ ወይዘሮ አሰጋሽን ሲያገኛት መጽሐፉ ይከፈትለታል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁሉም ይወደዋል። እኔ ግን መጀመሪያው ሰለቸኝ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል እስኪገናኙ ብዘልለው ምን ይቀርብኛል?

መልስ፦ ስለቱ ይቀርብሻል። መጽሐፉ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ የሚጀምረው ለማንዛዛት አይደለም። በዛብህ የስለት ልጅ ነው፤ እናቱ ለእግዚአብሔር የሰጠችው። ያን ያልያዘ አንባቢ በኋላ የልጁን ፍርሃትና ማመንታት «ወኔ ቢስነት» ብሎ ይፈርድበታል። የሰለቸሽን ገጽ ጆሮሽ ያንብብልሽ፤ ወጋየሁ ንጋቱ ለሬዲዮ የተረከው አለ፣ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በእሱ ሰምተሽ በዛብህ ዲማ ከሚማርበት ጀምሮ ወደ ወረቀቱ ተመለሺ። መዝለል ካለብሽ ስለ ሥርዓቱ ረዘም ብለው የተጻፉ ገለጻዎችን ዝለዪ፣ የጉዱ ካሣን ንግግር ግን አንድም መስመር እንዳትዘልዪ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ወጥቷል። የ17 ዓመት ልጄ አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም። እንግሊዝኛውን ልስጠው ወይስ አማርኛውን እየተረጎምኩለት?

መልስ፦ እንግሊዝኛውን ስጠው። ትርጉሙ በ2025 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። አንተ ቃል በቃል እየተረጎምክ ብታነብለት በሁለተኛው ምሽት ሁለታችሁም ትደክማላችሁ። መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት አራት ነገር ንገረው፦ ቀይ ኮከብ ዘመቻ በጥር 1974 አስመራ ላይ በይፋ የተጀመረ የደርግ ዘመቻ መሆኑን፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የመንግሥት ጋዜጠኛ መሆኑን፤ ናቅፋ የት እንዳለች በካርታ፤ በመጨረሻም መጽሐፉ በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንደተሰበሰበና በዓሉ በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ እንደጠፋ። ይህን ሳያውቅ የሚያነብ ልጅ የስለላና የፍቅር ልቦለድ ብቻ አድርጎ ይጨርሰዋል፤ ያም ቢሆን አይጠላውም።

ከጨረሰ በኋላ አንድ ምዕራፍ፣ ጸጋዬና ፊያሜታ የሚነጋገሩበትን፣ በአማርኛ ድምፅህን አውጥተህ አንብብለት፤ እሱ እንግሊዝኛውን ይዞ ይከተል። በአማርኛው መሀል ብቅ የሚሉት የትግርኛና የጣልያንኛ ቃላት የከተማዋን ድምፅ ይዘዋል፣ ርእሱም ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ «አበቃ፣ ከእንግዲህስ» እንደ ማለት። እዚህ ላይ ትርጉም የሚያጣውን በጆሮው ይይዘዋል።

ለራስህ ደግሞ የበዓሉን ሌሎች ሥራዎች ልትገዛ ካሰብክ ተጠንቀቅ፦ «ሐዲስ» (1975) የ«የኅሊና ደወል» (1966) እንደገና መጻፍ ነው። ሁለቱን ለማነጻጸር የሚፈልግ ካልሆነ በቀር አንዱ ይበቃል። ለጀማሪ «ከአድማስ ባሻገር» (1962) ይቀላል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ በዓመት አራት መጽሐፍ ነው የማነበው። ሰዎች ሠላሳ አነበብን ሲሉ እውነት ነው?

መልስ፦ ሒሳቡን እንሥራው። አራት ባለ 250 ገጽ መጻሕፍት 1,000 ገጽ ናቸው፤ በቀን ሦስት ገጽ እንኳ አይሞላም። በቀን 20 ገጽ የሚያነብ ሰው በዓመት 7,300 ገጽ፣ ማለትም 29 ያህል መጻሕፍት ይጨርሳል። ስለዚህ እውነት ሊሆን ይችላል። ፍጥነትህን ለማወቅ የስልክህን ሰዓት 20 ደቂቃ ላይ ሙላና አንብብ፤ ስንት ገጽ እንደሄድክ ቁጠር። በሦስት የተለያዩ መጻሕፍት አድርገው፤ ወግና «ግራጫ ቃጭሎች» አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡህም። ለአብዛኛው ሰው የሚያንሰው ፍጥነት ሳይሆን የመቀመጫ ጊዜ ነው፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ካለ ሃያ ደቂቃው ይገኛል። ቁጥሩን ግን ለውድድር አታድርገው፣ ቀጭን ቀጭን መጽሐፍ መምረጥ ትጀምራለህ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አሮጌ መጽሐፍ ስገዛ ሁለት ጊዜ ገጹ የጎደለ ደርሶኛል። ምን ልይ?

መልስ፦ ሻጩ ጋ ቆመህ ሦስት ደቂቃ ይበቃሃል፤ ሻጩም አይከፋውም፣ የሚያውቅ ገዢ ያከብራል።

መጀመሪያ የገጽ ቁጥር። ብዙ መጽሐፍ የሚታተመው ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ እየሆነ ነው። ስለዚህ የሚጎድለው፣ የሚደገመው ወይም ተገልብጦ የሚጠረዘው ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ሳይሆን ሙሉው እጥፋት ነው። 16፣ 32፣ 48 እያልክ መገጣጠሚያዎቹን ብቻ እያየህ እለፍ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አረፍተ ነገሩ መቋጨቱንም አረጋግጥ፤ ከኋላ የተገነጠለ መጽሐፍ ሽፋኑ ተመልሶ ሲለጠፍበት ሙሉ ይመስላል።

ቀጥሎ የርእስ ገጹ ጀርባ። «ሁለተኛ ኅትመት» ማለት ያው ጽሑፍ እንደገና ታተመ ማለት ነው፤ «ሁለተኛ ዕትም» ደግሞ የታረመ ወይም የተጨመረበት ነው መባል አለበት። አሳታሚዎች ሁለቱን ሲያቀላቅሉ ይታያል፤ ስለዚህ መግቢያው ላይ «ለሁለተኛው ዕትም» የሚል ቃል መኖሩን እይ። ማተሚያ ቤቱ ያልተጻፈበት፣ የፊደሉ ጠርዝ የደበዘዘ፣ ኅዳጉ ወደ አንድ ወገን የተንጋደደ፣ የሽፋኑ ሥዕል ውኃ የነካው የሚመስል ከሆነ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ነው። የመለያ ቁጥር (ISBN) ለመመርመር አትድከም፤ ብዙ አዳዲስ የኢትዮጵያ መጻሕፍት በ978-99944 የሚጀምር ቁጥር አላቸው፣ በደርግ ጊዜ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የወጡ መጻሕፍት ግን ቁጥሩ ስለሌላቸው ሐሰተኛ አይባሉም።

ሦስተኛ ጀርባው። መሀሉን ገልጠህ መዳፍህን አሳርፍበት፤ ሙጫው ቀጭ ካለ በመጀመሪያው ንባብ ለሁለት ይከፈላል። ለጥፌ አድነዋለሁ ብለህ ሱፐር ግሉ አታስነካው፤ ደርቆ ይሰባበርና ወረቀቱን ይዞ ይወርዳል። ነጭ ኮላ በስሱ ቀብተህ፣ ትርፉን በጨርቅ ጠርገህ፣ ከከባድ ነገር ሥር አንድ ቀን ሙሉ ተወው። ሻጋታ የሸተተህን ከሌሎች መጻሕፍት ለይተህ አየር በሚገባበት ጥላ ሥር አቆየው። ፀሐይ ላይ አታስጣው። የዚያ ዘመን ወረቀት በራሱም እየወየበ ነው፣ ፀሐይ ያፋጥነዋል።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ እህቴ፣ ሻንጣ የሚያመጣልኝ ሰው የለም፤ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ ባነብ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እህት አይደለሁም፣ ወንድም ብትዪኝ ይሻላል! ስለ ኃጢአቱ ንስሐ አባትሽን፤ ስለ ሕጉ ግን አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ነው፤ ስለዚህ መጽሐፎቻቸው ገና ባለቤት አላቸው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከሞቱ ግን ከ70 ዓመት በላይ ስለሆነ የእነሱን ያለ ሐሳብ አንብቢ። በሕይወት ያለ ደራሲን የተሰረቀ ቅጂ ማዞር የሚቀጥለውን መጽሐፍ ኅትመት ነው የሚያጎድለው፤ ብዙዎቹ ደራሲዎች ማተሚያ ቤት የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነውና። አንዳንዶቹ ቅጂውን ራሳቸው በስልክ ይሸጣሉ፣ በቀጥታ ጠይቂ።

በስልክ ለማንበብ ስካን የተደረገ ገጽ ፊደሉ ያንሳል። ስልኩን አጋድመሽ ያዢው፣ ነጩን ኅዳግ ቆርጠሽ አስፊው። ረጅም ልቦለድ በዚህ ዓይን ያደክማል፤ አጭር ልቦለድና ወግ ምረጪ፣ ከሥራ እረፍት ጋርም ይስማማል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ዝርዝርዎ ውስጥ አንዲት ሴት የለችም።

መልስ፦ ልክ ነሽ፤ የዝርዝሩ ጉድለት ነው። የምጠቁማቸው የሚከተሉት ናቸው። የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ስለ ተማሪዎች ንቅናቄና ስለ ኢሕአፓ ዘመን የተጻፈ ግለ ታሪክ ነው፤ መጀመሪያ የታተመው በእንግሊዝኛ በ2012 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ታሪካዊ ልቦለዷን «ምንትዋብ»ን ብታነቢ አንድ ጸሐፊ ካየችው ወደ ተመራመረችው እንዴት እንደምትሻገር ታያለሽ። የፀሐይ መላኩ «አንጉዝ» እና «ቋሳ» በልቦለድ ወዳጆች ዘንድ ከሚገባቸው በታች ነው የሚነሡት። የስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ» (1942) ደግሞ ገበያ ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ። እዚያ መጽሐፉን ቁጭ ብለሽ ነው የምታነቢው፣ ወደ ቤት አይወጣም፤ መታወቂያና እርሳስ ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ (ከሃይፋ)፦ ልጆቼ ፊደል አልቆጠሩም፣ እናቴ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል። ሁለቱንም የሚይዝ መጽሐፍ አለ?

መልስ፦ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»። አጫጭር ነው፣ አብዛኛው በግጥም ነው፣ እናትሽም ብዙውን በቃላቸው ሊያውቁት ይችላሉ። በምሽት አንድ ብቻ አንብቢ። የስንኙን የመጨረሻ ቃል ሳትጨርሺ አቁሚና ልጆቹ ይገምቱ፤ ቤት ስለሚመታ ይደርሱበታል፣ ሲስቱ አያት ያርማሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ግጥም በትልቁ ጽፈሽ ስጫቸው፤ የሚያውቁትን ድምፅ ከፊደሉ ጋር ማጋጠም ሀ ሁን ከዜሮ ከማስቆጠር ይፈጥናል።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ግጥም ሳነብ እንደ ልቦለድ ተራ በተራ ጨርሼው አንድም አይቀረኝም። «እሳት ወይ አበባ»ን እንዴት አነበቡት?

መልስ፦ በቀን አንድ፣ ሁለት ጊዜ፣ በድምፅ። መጀመሪያ ምቱን ፈልግ። ብዙው የአማርኛ ግጥም በወል ቤት ነው፤ ስንኙ 12 ቀለም ሆኖ ስድስት ስድስት ይከፈላል። ፀጋዬ ግን ስምንት ስምንት የሚሄደውን ረጅም ስንኝ ስላዘወተረ ስሙ «የፀጋዬ ቤት» ተብሎ ቀርቷል። በጣት ሲቆጠር ሰው የሚሳሳተው ፊደል ስለሚቆጥር ነው። «አባቴ ሲጠራኝ ከበሩ ደረስኩኝ» የሚለውን ብትወስድ ፊደሉ 15 ነው፣ ቀለሙ ግን 12፤ «ራኝ»፣ «ረስ»፣ «ኩኝ» አንድ አንድ ቀለም ናቸው፣ ሳድሱ ከፊቱ ካለው ጋር ይዘጋልና። ይህን በሁለት ቀን ትለምደዋለህ። ከዚያ ወዲያ በረጅሙ ስንኝ መሀል የት ላይ መተንፈስ እንዳለብህ ታውቃለህ። ፀጋዬን ሳይተነፍሱ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው «ይከብዳል» የሚሉት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ አዳም ረታን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከ«ማህሌት» (1981)፤ አጫጭር ልቦለዶች ስለሆኑ አንዱ ባይጥምህ ሌላው አለ። ቀጥሎ «ግራጫ ቃጭሎች»። የዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ የመዝገቡን፣ ሕይወት የሚነግርህ በሰልፍ በተደረደረ ታሪክ አይደለም፤ ሽታ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ የሰፈር ወሬ ይቀድማል። ደራሲው «ሕጽናዊነት» የሚለውን አጻጻፍ የሚያስረዳው በእንጀራ ነው፤ ዓይኖቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ግን አንድ ገበታ ላይ። ስለዚህ አንድ ትንሽ ነገር ከመቶ ገጽ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ እንድታውቀው የኅዳግ ምልክት እያደረግህ ሂድ። የግርጌ ማስታወሻ ሲያጋጥምህ አትዝለለው፣ እሱም ታሪክ ነው፤ ግን አንቀጹን ጨርሰህ ውረድ። «የስንብት ቀለማት» (2008) የመጨረሻ ይሁን። በእሱ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ በእሱ ያቆማል።

ጥያቄ (ከመቐለ)፦ ግለ ታሪክ እወዳለሁ፤ ግን ሁሉም ጸሐፊ ራሱን ጀግና ያደርጋል። እንዴት ልመነው?

መልስ፦ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብብ። ለ1928ቱ ጦርነት «ትዝታ»ንና የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትን «ኦቶባዮግራፊ» ውሰድ። ሐዲስ በራስ እምሩ ጦር ውስጥ በሽሬ ግንባር ነበሩ፣ በኋላም ተማርከው ወደ ጣልያን ደሴቶች ተጋዙ፤ ተክለ ሐዋርያት ጦርነቱ ሲጀመር ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር የኢትዮጵያ ወኪል ነበሩ። የጦርነቱን መነሻ አንዱ ከግንባር፣ ሌላው ከወረቀት ነው ያየው። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምር፦ ያየው፣ የሰማው፣ በኋላ ያሰበው። «ትዝታ» የታተመው ከጦርነቱ 57 ዓመት በኋላ ነው፤ ሦስተኛው ዓምድ መሙላቱ አይቀርም። ራሱን ማሞገሱ ብዙ አያስቸግርም፣ በቀላሉ ይለያል። የሚከብደው ጸሐፊው ዝም ያለበትን ዓመት ማግኘት ነው፤ ለዚህም ምዕራፎቹን በዓመት ደርድርና ክፍተቱን ፈልግ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የትርጉም መጽሐፍ በምርጥ ዝርዝር ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ ለምን አይገባም? ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» (የማርጋሬት ሚቸል «Gone with the Wind») ለብዙ አንባቢ የአማርኛ መጽሐፍ ነው። ትርጉም ስትመርጥ አንድ ገጽ ንግግር በድምፅ አንብብ። ገበሬውም፣ እመቤቷም፣ ሕፃኑም አንድ ዓይነት አማርኛ ከተናገሩ መልሰው። የርእስ ገጹ ጀርባ ላይ የዋናው መጽሐፍ ርእስና የተተረጎመበት ቋንቋ ከሌለም እንደዚሁ።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ መዝገብ እንዴት ይያዛል? በስልኬ ጽፌ ስፈልግ አላገኘውም።

መልስ፦ የማታገኚው በሞክሼ ፊደል ምክንያት ነው። «ሐዲስ» ብለሽ ጽፈሽ «ሀዲስ» ብለሽ ብትፈልጊ ስልኩ ሌላ ሰው ነው ብሎ ያስባል። አንድ ሕግ ለራስሽ አውጪ፦ ርእስና ስም ሽፋኑ ላይ እንዳለ ይጻፋል፤ ከጎኑ ደግሞ ለፍለጋ ብቻ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸን ተጠቅመሽ ድገሚው። በደራሲ ስም ስትደረድሪ በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አትደርድሪ። የውጭ ቤተ መጻሕፍት ግን አንዳንዴ ገልብጠው «ዓለማየሁ» ሥር ስለሚያስገቡት እዚያ ስትፈልጊ ሁለቱንም ሞክሪ።

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ስድስት ነገር ይበቃል፦ ርእስና ደራሲ፤ የኅትመት ዓመት ከነአቆጣጠሩ፤ የገጽ ብዛት፤ የጀመርሽበትና የጨረስሽበት ቀን፤ ልትመለሺበት የምትፈልጊው ገጽ ቁጥር፤ በመጨረሻ «ይህን ለእገሊት እሰጣታለሁ፣ ምክንያቱም» የሚል አንድ አረፍተ ነገር። አምስቱን ትተሽ የመጨረሻውን ብቻ ብትጽፊ እንኳ ከኮከብ ቁጥር ይሻላል። ዓመቱን ወደ እ.ኤ.አ. ስትለውጪ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ወሩ ካልታወቀ «1969/70» ብለሽ ጻፊ፣ አትገምቺ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ መጽሐፍ አውሼ የተመለሰልኝ የለም።

መልስ፦ የተዋሰውን ሰው ስም፣ ቀኑንና የምትፈልግበትን ቀን ከዚያው መዝገብ ላይ ጻፍ፤ ሲወስድ እያየ ጻፍ። ስምህን በሽፋኑ ውስጥና በአንድ የማትቀይረው ገጽ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ገጽ 33 ላይ፣ አኑር። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ብቻ። ገበያ ላይ የማይገኘውን አታውስ፣ ቤትህ ቁጭ ብሎ ያንብብ፤ ቡና አፍላለት።

ጥያቄ (ከአርባ ምንጭ)፦ የሁሉም ሰው ዝርዝር አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ለአዲሱ ዓመት መጀመሪያ፣ ማንም ያልጠቆመኝን አጭር መጽሐፍ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ሁሉም ስሙን የሚያውቀው፣ ጥቂቱ የሚያነበው አለ፤ የአፈወርቅ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ሮም ላይ በ1900 የታተመው። «ልቦለድ» የምንለው ቃል ራሱ ከዚሁ ርእስ የወጣ ነው። በሁለት ምሽት ያልቃል። መንትዮቹ ጦቢያና ዋህድ ናቸው፤ ዋህድ የአባታቸውን ባለውለታ ፍለጋ ይወጣል፣ ጦቢያ ወንድ መስላ ትከተላለች። በአጋጣሚ የተሞላ ታሪክ ነው፣ በዚያ አትፍረድበት፤ አማርኛውን አዳምጥ። አረፍተ ነገሩ ረጅም ስለሆነ ማሰሪያ አንቀጹን መጀመሪያ ፈልገህ ተመልሰህ አንብበው። የኋላ አሳታሚዎች ርእሱን ስለለወጡት ሱቅ ስትጠይቅ «ጦቢያ» በል።